የጥቅምት ጓሮ፣ የኅዳር ማጀት

ስለ ጓሮ ስናወራ ወሬያችን ሰኔ ላይ ይጀምርና ነሐሴ ላይ ያልቃል። ችግኝ አፈላን፣ ዘነበ፣ አረምን፣ የመጀመሪያውን ጎመን ቀነጠስን፤ በቃ። እኔ ግን የአንድ ቤት ጓሮ የሚለየው በጥቅምትና በኅዳር ነው ባይ ነኝ። ዝናብ እያለማ ማብቀል ማንን ያቅተዋል? ጎንደር ላይ በክረምት የተጣለ የዱባ ፍሬ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው አጥር ላይ ወጥቶ ይገኛል። ጉዳዩ ከመስቀል በኋላ ነው። ሰማዩ ጠርቶ መሬቱ መጠንከር ሲጀምር ያበቀልነውን ምን እናድርገው? በጥቅምት ሞልቶ የተረፈው ነገር ግንቦት ላይ የት ይገኛል?

ማቆየት ከማብቀል እኩል ሙያ ነው። እንዲያውም ይበልጣል እላለሁ። ይህን ያየሁት ከአማቴ እጅ ነው።

ቤታችን ከጎንደር ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ በኩል ነው። ግቢው እንደ ከተማ ግቢ ነው፤ ሰፊ የሚባል አይደለም። የጎመን፣ የድንችና የነጭ ሽንኩርት መደቦች አሉን። አጥሩን ዱባና ቅል ይዘውታል። ጥግ ላይ ጌሾ አለ፤ ከማጀቱ በር አጠገብ ጤና አዳምና በሶብላ። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና አማቴ እንኖራለን። አማቴን ልጆቹ እማማ ስለሚሏቸው እኔም እማማ እላቸዋለሁ። የደምቢያ ሰው ናቸው። ደምቢያ ከጣና በስተሰሜን የተዘረጋ ጥቁር አፈር ሜዳ ነው። ጤፉ፣ ሽምብራው፣ ጓያው፣ ነጭ አዝሙዱ፣ አብሹ ከዚያ ወደ ጎንደር ገበያ ይወጣል። በዚያ ሜዳ ያደገ ሰው እህል ሲያይ አንድ ጥያቄ ይቀድመዋል፦ ይህ እስከ መቼ ያደርሰናል?

አሁን ያለንበት መፀው ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25። ከዚሁ ውስጥ እስከ ኅዳር 5 ያለው 40 ቀን ወርኃ ጽጌ ነውና ቅዳሜ ለእሑድ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። ጎንደር የአቋቋም አገር ናት። እንቅልፍ የራቀው ሰው ሌሊት ላይ ከበሮውን ከአልጋው ሆኖ ይሰማል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሌሊቱ ይበርዳል፤ ማለዳ ጎመኑ ሁሉ በጤዛ ርሶ ያድራል። ረፋድ ላይ ግን ፀሐዩ ይከራል። አየሩ ደረቅ ነው፤ ነፋስ አለ። የሚደርቅ ነገር ሁሉ የሚደርቀው በዚህ ጊዜ ነው። ነሐሴ ላይ በርበሬ ላስጣ ቢሉ ይሻግታል። ሚያዝያ ላይ ደግሞ ፀሐዩ አለ፣ የሚሰጣው ነገር የለም።

በእኛ ግቢ ሥራው የሚጀምረው በድንች ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ከተኛ በኋላ ወዲያው አንቆፍረውም። ሁለት ሳምንት ያህል መሬት ውስጥ ይቆያል፤ ልጣጩ የሚጠነክረው ያኔ ነው። በአውራ ጣት ሲታሽ የሚላጥ ከሆነ ገና ነው ማለት ነው። ትንሹ ልጄ ይህን ፈተና ይወደዋል። የመደቡን ጠርዝ በእጁ ጫር ጫር አድርጎ አንድ ያወጣና፣ አሽቶ፣ "እማማ፣ ደርሷል!" ብሎ ይጮሃል። እማማ ራሳቸው አሽተው ካላዩ ግን ዶማ አይነሣም።

ከዚያ መለየት ይመጣል። ድንቹ አይታጠብም፤ አፈሩ ይራገፍለታል እንጂ። በዶማ የተመታው ለብቻው ይወጣል፤ እሱ የዛሬ ወጥ ነው። ጤነኛው ለሁለት ይከፈላል። የሚበላው ማጀት ጥግ፣ አየር በሚያስገባ ሳጥን፣ ጆንያ ለብሶ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ብርሃን ካገኘ አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴ ድንች ይመራል፤ ሰውም ያማል። የዘሩ ድንች ግን ብርሃን ይፈልጋል፤ ቀጥተኛ ፀሐይ ሳይሆን የጥላ ብርሃን። በረንዳ ላይ ባለው የእንጨት መደርደሪያ ሳይደራረብ ይዘረጋል። ጨለማ ውስጥ የከረመ የዘር ድንች ረጅም፣ ነጭ፣ ሲነኩት እንክት የሚል ቡቃያ ያወጣል። ብርሃን ያየው አጭር፣ ወፍራም፣ ጠንካራ ቡቃያ ይዞ ይጠብቃችኋል፤ ሲተከልም ቶሎ ይነሣል። አንድ ጉድጓድ ውስጥ የነበሩ ሁለት ድንቾች ናቸው። አንዱ ጨለማ፣ አንዱ ብርሃን ይሻል። ይህን ልዩነት የማያውቅ ቤት ወይ መራራ ድንች ይበላል፣ ወይ ደካማ ዘር ይተክላል።

ነጭ ሽንኩርቱ ቅጠሉ ከግማሽ በላይ ሲደርቅ ይነቀላል። ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ጥላ ሥር ነፋስ እያገኘው ይደርቃል። ትልቋ ልጄ ቅጠሉን እንደ ሹሩባ ትጎነጉነዋለች፤ ጉንጉኑ ከምድጃው በላይ ማገር ላይ ይሰቀላል። ዱባው ደግሞ ከነእንጨቱ ይቆረጣል። እንጨቱ የተነቀለ ዱባ በዚያው ቀዳዳ መበስበስ ይጀምራልና መጀመሪያ የሚበላው እሱ ነው። ከዱባው ጎን ቅሉ ተንጠልጥሎ ይደርቃል። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል እንዲሉ፣ አንዱን እንበላዋለን፣ አንዱን ዘር እናስቀምጥበታለን።

ዘር ላይ ትንሽ ልቆይ። እማማ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጓሮ ገብተው ጎመኑን አንድ በአንድ ያያሉ። ቅጠሉ የሰፋውን፣ ግንዱ የወፈረውን፣ ትል ያልደፈረውን ይመርጡና ቀይ ክር ያስሩበታል። ክር ያለበትን ማንም አይቀነጥስም፤ እንግዳ ቢመጣ እንኳ። መጀመሪያ ሰሞን ይህ አይዋጥልኝም ነበር። ያማረው ጎመን ቆሞ እያለ ደቃቃውን ለምን እንበላለን? ጠየቅኳቸው።

"ልጄ፣" አሉኝ፣ "ጥሩውን በልተሽ የተረፈውን ከዘራሽ፣ ለከርሞም የምታገኚው የተረፈውን ነው።"

ከዚያ ወዲህ ክሩን የምገዛው እኔ ነኝ።

ክር የታሰረበት ጎመን ይረዝማል፣ በቢጫ አበባ ይሞላል፣ ንብ ይሰበስባል። ኅዳር ላይ ፍሬ መያዣው ይገረጣል። የሚታጨደው ማለዳ፣ ጤዛው ሳይረግፍ ነው። ፀሐይ ከወጣ በኋላ ማጭድ ካስጠጉበት ፍሬ መያዣው እየተፈነዳ ዘሩ ይበተናል። ስለዚህ ያን ቀን ቁርስ የለም፣ ቡና የለም፤ ሁላችንም ብርድ ልብስ ደርበን ጓሮ ነን። የታጨደው ጨርቅ ላይ ደርቆ ይወቃል፣ በሰፌድ ይነፋል። ጥቁር ቡናማ የሆነች ደቃቅ ፍሬ ናት። ለዘር የሚሆነው በቅል ይገባል። የተረፈው ምጣድ ማሰሻ ነው። ደቆ፣ በጨርቅ ተይዞ፣ የጋለው ምጣድ ሲታሰስበት ከቅባቱ የሚወጣው ጭስ ከግቢው በር ድረስ ይሸታል። እንጀራው ከምጣዱ እሽ ብሎ ይነሣል። በሱቅ ዘይት ያሰስኩበትን ቀን ከዚህ ጋር ሳስተያየው አይገናኝም።

የባቄላ ዘር ከአመድ ጋር ተለውሶ ይቀመጣል። አመዱ ነቀዝ ያርቃል። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ግን አመዱ ሙሉ በሙሉ የበረደና የተነፋ መሆን እንዳለበት የሚጠነቀቀው ጥቂት ነው።

ውሃ የሌለበት የጓሮ ወሬ ሙሉ አይሆንም። እኛ ጋ ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከዚያ በኋላ ቧንቧው በፈረቃ ነው፤ አንዳንዴ ፈረቃውም ይዘላል። አንገረብ ግድብ ለዓመታት የከተማዋ ዋና የውሃ ምንጭ ሆኖ ኖሯል፤ ከዳገቱ በሚወርድ ደለል እየተሞላ መምጣቱ ደግሞ ለጎንደር ሰው እንግዳ ወሬ አይደለም። እኔ ይህን ሳስብ ዓይኔ የሚሄደው መሬት ላይ ነው። ግድቡን የሚሞላው አፈር ከአንድ ሰው ማሳ፣ ከአንድ ሰው ግቢ የወጣ አፈር ነው። የእኛም ግቢ ተዳፋት ነው። ባለቤቴ መደቦቹን ዳገቱን አግድም እንዲይዙ አድርጎ ሠራቸው፤ በየጠርዛቸው ድንጋይ ደረደረ። አሁን በክረምት ከግቢያችን በር የሚወጣው ጎርፍ እንደ ድሮው አልደፈረሰም። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ መሬቱ ርጥበቱን ሳይጨርስ የጤፍ ጭድና ደረቅ ቅጠል እናለብሰዋለን። ጎመን የታጠበበት ውሃ ወደ ጎመን ይመለሳል። ሳሙና የነካው ለጌሾው ሥርም ቢሆን አይሄድም፤ እሱ ለግቢ መርጫ ነው። በዚህ መንገድ ጎመናችን እስከ ጥር ይደርሳል። ከዚያ በላይ አልገፋንም፤ ያን ጊዜ ውሃው ለሰውም አይበቃ።

ጥቅምት ሲያልቅ በርበሬው ይመጣል።

እኛ ጓሮ የሚበቅለው ቃሪያ ለዕለት ብቻ ነው። ዛላው የሚገዛው ከቅዳሜ ገበያ ነው። ባለቤቴና እናቱ አብረው ይሄዳሉ፤ እሱ ለመሸከም፣ እሳቸው ለመምረጥ። እማማ ጆንያውን ከላይ አያዩትም። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተው ከሥር አንድ እፍኝ ያወጣሉ። አንዱን ዛላ ለሁለት ይከፍቱታል። ውስጡ ግራጫ ከሆነ ሻጋታ ነውና ትተው ይሄዳሉ። ነጋዴው "ይምጡ እማማ፣ እቀንሳለሁ" ቢል አይመለሱም። ልክ ናቸው። ክብደት እንዲያነሣ ውሃ የተረጨ ወይም በደንብ ሳይደርቅ የታሸገ በርበሬ ውስጥ ውስጡን ይሻግታል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፤ ይህ መርዝ ደግሞ በማመስና በመቀቀል ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። በቅናሽ የተገዛ የሻገተ በርበሬ ርካሽ አይደለም።

ዛላው ቤት ሲገባ ጎረቤቶች በወንፈል ይመጣሉ። ዛሬ እኛ ቤት፣ በሌላው ቀን እነሱ ቤት። ሰሌን ይነጠፋል፣ ቡና ይፈላል፣ ጭራው መቀንጠስ ይጀምራል። የሚያስነጥሰው ያስነጥሳል፤ "ይማርሽ" የሚለው ድምፅ አያቋርጥም። ልጆቹ ዓይናቸውን እንዳይነኩ በየደቂቃው ይነገራቸዋል። የተቀነጠሰው ፀሐይ ላይ ይውላል። ሲጨብጡት ሲንኮሻኮሽ ሙቀጫ ውስጥ ገብቶ ይሸከሸካል፤ መድቀቅ የለበትም፣ መሰባበር ብቻ። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ቀይ ሽንኩርቱ፣ በሶብላውና ጤና አዳሙ ለብቻቸው ተወቅጠው ከእሱ ጋር ይደለዛሉ። ከዚያ ታፍኖ ያድራል። ጠዋት ክዳኑ ሲነሣ የሚወጣው ሽታ የዓመቱን ወጥ ሁሉ ይነግራችኋል። እማማ አጎንብሰው ያሸቱታል፤ አንዳንዴ ዝንጅብል ይጨመርበት ይላሉ፣ አንዳንዴ ዝም ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ዝምታው ምስጋና ነው።

ቀጥሎ ያለው ነው ሰው የሚቸኩልበት። የተደለዘው በርበሬ እንደገና መድረቅ አለበት። ላዩ የደረቀ ይመስላል፤ ሲፈረክሱት ግን ውስጡ ርጥብ ነው። እየፈረከሱ፣ እያገላበጡ፣ ማታ ማታ ጤዛ እንዳይነካው እያስገቡ ጥርቅም ብሎ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። ዓመት የሚዘልቀውና በሦስት ወር የሚሻግተው በርበሬ የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ኮረሪማው፣ ነጭ አዝሙዱና ጥቁር አዝሙዱ ታመስ ታመስ ተደርገው፣ ጨው ተጨምሮ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ከወፍጮ የመጣው ትኩስ ነው። ትኩሱን ክዳን ከዘጉበት ያልበዋል፤ ላቡ ተመልሶ ዱቄቱ ውስጥ ይገባል። ሰፌድ ላይ ተዘርግቶ እስኪበርድ ይጠበቃል። የመጀመሪያው በርበሬ የሚቀመሰው በዚያች ማታ፣ በሽንኩርትና በዘይት ብቻ ተቁላልቶ፣ በትኩስ እንጀራ ነው። ጎረቤቶቹም ሳይቀምሱ አይሄዱም።

ሥጋን በተመለከተ የጎንደር የቀን አቆጣጠር የራሱ ብልሃት አለው። እማማና እኔ የጽጌን ጾም እንጾማለን፤ የፈቃድ ጾም ነው። ኅዳር 6 የቁስቋም ማርያም በዓል ነው። እቴጌ ምንትዋብ ባሠሯት ደብረ ፀሐይ ቁስቋም አገሩ ሁሉ ይወጣል። ኅዳር 15 ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል። እንግዲህ እንደኛ ላለ ቤት በሁለቱ ጾሞች መካከል ያሉት ዘጠኝ ቀናት ናቸው። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል፤ እኛ ቤት ግን አጥንቱ የሚደርሰው በኅዳር ነው። ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ይገባል፣ የሚበላው ይበላል፣ የቀረው ቋንጣ ይሆናል። ሥጋው በቀጭኑ ይዘለዘላል፤ ቅባት ያለው ክፍል ቶሎ ስለሚከረፋ ይወጣል። ጨውና በርበሬ ነክቶት ገመድ ላይ ሲሰቀል ዘለላዎቹ መነካካት የለባቸውም። የተነካኩበት ቦታ አይደርቅም፣ ዝንብም የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው። የኅዳር ደረቅ ነፋስ የቀረውን ይሠራዋል። የገና ጠዋት የሚቀርበው የቋንጣ ፍርፍር የሚጀምረው በእነዚህ ቀናት ነው።

በዚሁ መሃል ኅዳር 12 ሚካኤል አለ፤ ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. የዓለም ወረርሽኝ የነበረው ኢንፍሉዌንዛ አገራችን ገብቶ ብዙ ሰው ፈጀ፤ የኅዳር በሽታ ተባለ። ቆሻሻን ሰብስቦ የማቃጠሉ ልማድ ከዚያ ጋር ተያይዞ ይነገራል። እኔ ግቢ የማጽዳቱን ነገር እወደዋለሁ። ቅጠል ማቃጠሉን ግን አልወደውም። ደረቅ ቅጠል፣ የባቄላ አገዳ፣ የጎመን ሥር ለመሬት ምግብ ነው፤ ተቆልሎ፣ ውሃ ተረጭቶ፣ ከፍግ ጋር ሲብላላ ለሰኔ አፈር ይሆናል። እሳት የሚገባው በሽታ የነካው ነገር ነው፦ የጠቆረ የቲማቲም ግንድ፣ የበሰበሰ የድንች ቅጠል። ፕላስቲክ ደግሞ ጨርሶ አይቃጠልም፤ ጭሱ ልጆች ይተነፍሱታል። በዚህ ከእማማ ጋር መጀመሪያ አልተስማማንም ነበር። እሳቸው ጭስ የሌለው ኅዳር ሚካኤል አይታያቸውም። አሁን ትንሽ እሳት በር ላይ ይነዳል፤ በሽተኛው ግንድ ይገባበታል፣ ትንሽ ዕጣን ይጨመርበታል። ቅጠሉ ለእኔ ይቀራል። ሁለታችንም ደስ ብሎናል።

ሽሮው በሽምብራና በአተር ነው። ይለቀማል፣ ይታመሳል፣ ይከካል፣ ቅመም ይገባበታል። ጓያ አይቀላቀልበትም። በዚህ እማማ ቀልድ አያውቁም። ጓያ ሌላው ሰብል ሲከዳ እንኳ የማይከዳ እህል ነው፤ ዝናብ ቢያጥርም ይበቅላል። ለዚህም ነው በክፉ ጊዜ ሰው እሱ ላይ የሚወድቀው። ነገር ግን ሌላ እህል ጠፍቶ ለወራት በብዛት ሲበላ በውስጡ ያለው መርዝ እግር ያሽመደምዳል፤ ሐኪሞች ላቲሪዝም ይሉታል። የተያዘ እግር ደግሞ አይመለስም። ደምቢያ ይህን በደንብ ያውቃል። እማማ በልጅነታቸው በዱላ ተደግፈው የሚሄዱ ወጣት ወንዶች አይተዋል። ስማቸውን እያነሱ ይነግሩናል፤ ሲነግሩን ድምፃቸው ይለወጣል። መዘፍዘፍና ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። እኔ ርካሽ ሽሮ ገበያ ላይ ሳይ ዱቄቱ ከምን እንደተፈጨ ሳልጠይቅ አላልፍም። እናንተም ጠይቁ።

ጤፍን ነቀዝ አይነካውም። ፍሬዋ ደቃቃ ናትና ነቀዙ የሚቦረቡረው ነገር አያገኝም። ሽምብራና ማሽላ ግን ዘወር ሲሉለት ያልቃል። ስለዚህ እማማ የዘር ሽምብራቸውን ጤፍ ውስጥ ይቀብሩታል። ጤፉ በየክፍተቱ ገብቶ ይሞላዋል፤ ነቀዝ መላወሻ ያጣል። ሲፈለግ በወንፊት ይለያል። ለዚህ ኬሚካል የሚጨምሩ ቤቶች አሉ። ልጆች በሚተኙበት ቤት የእህል መድኃኒት ማስቀመጥ ያስፈራኛል፤ ብዙ ሐዘን አይተንበታል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሱቅ የለም ወይ? የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ። ሱቅ አለ። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት መንገድ የተዘጋባቸው ሰሞኖች ነበሩ። መኪና አይገባም፣ አይወጣም። ገበያው ወና ይውላል፤ የተገኘውም ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። በእነዚያ ቀናት እማማ ማጀት ገብተው ሽሮ፣ በርበሬ፣ አንድ ዱባና ጥቂት ነጭ ሽንኩርት ይዘው ይወጡ ነበር። ምሳ ነበር፤ እራት ነበር። ጎረቤት ልጇን ልካ "እናቴ ትንሽ ሽሮ ላኩልኝ ትላለች" ስትል የሚላክ ነበር። ባለፈው ኅዳር ባልቸኮልነው በርበሬና በደንብ በለየነው ድንች ነው ያንን ጊዜ ያለፍነው። በዚያን ወቅት ማታ ማታ ልጆቼ ጠግበው ሲተኙ ሳይ የተሰማኝን እዚህ ላይ በደንብ መጻፍ አልችልም። እግዚአብሔር ያን ጊዜ አይመልሰው።

ዘንድሮ አንድ አዲስ ነገር ጀምረናል። የእማማ መስፈሪያ እፍኝና ጭብጥ ነው፤ "እስኪበቃው" ደግሞ ሦስተኛው መስፈሪያቸው ነው። ትልቋ ልጄ የወጥ ቤት ሚዛን ይዛ አጠገባቸው ትቀመጣለች። እሳቸው ነጭ አዝሙድ በእፍኝ ሲያነሱ፣ "እማማ፣ ቆይ! መጀመሪያ እዚህ ላይ ያድርጉት" ትላቸዋለች። ይስቃሉ፤ ግን ያደርጉላታል። እሷ ግራሙን ደብተሯ ላይ ታሰፍራለች። ከጎኑ ደግሞ ቀኑን፣ ዛላው የመጣበትን አገር፣ ስንት ቀን ፀሐይ እንዳገኘ ትጽፋለች። ማንም አላዘዛትም።

የበርበሬው ገጽ ሞልቷል። የሽሮው ግን ባዶ ነው፤ እማማ ቅመሙን ያስገቡት እሷ ትምህርት ቤት በነበረችበት ሰዓት ነው። ተቀይማለች። ስለዚህ ቅዳሜ አንድ ኪሎ ሽምብራ ይታመሳልና እንደገና በሚዛን ይሠራል። ባለቤቴም ከደምቢያ የሚመጣውን ጤፍ ለመቀበል ጎተራውን ከወዲሁ አጥቦ ፀሐይ ላይ ገልብጦታል።